«ታርማበርን በ60 ስወርድ ከዚህ ይበልጥ ይበራል»፦ የሌ ማንስ ፊልም ፍጥነት እውነት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አራት ጓደኛሞች ነን፤ የደብረ ብርሃን ልጆች። ቅዳሜ ማታ የስቲቭ ማክዊንን ‹ሌ ማንስ› አየን። ሚኒባስ የሚነዳው ጓደኛችን ‹ፍጥነቱ በኤዲት የመጣ ነው፤ ቸርኬው ወደ ኋላ ሲዞር አላያችሁም? ቀጥታው መንገድ ላይ ደግሞ መኪኖቹ የቆሙ ነው የሚመስሉት። እኔ ታርማበርን በ60 ስወርድ ከዚህ ይበልጥ ይበራል› ብሎ ድርቅ አለ። እኔ እውነት ነው ብዬ በጥብስ ተወራረድኩ። ሌላው ጓደኛችን ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚናገር ሰው የለማ። ማን ይክፈል?»

ወንድሜ፣ የጥብሱን ነገር ወደ በኋላ ላቆየው። ፋይሉ ግን ደህና ነው፣ አታጥፉት። ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል፤ ፈረንሳዮቹ የ24 ሰዓቱ የመኪና ውድድር የሚደረግባትን ከተማ «ለ ማን» ነው የሚሏት። በእኛ አፍ «ለማን?» ብሎ ጥያቄ ስለሚሆን «ሌ ማንስ» ማለታችሁን አልነቅፍም፤ እኔም እንደናንተው እጽፋለሁ።

ካሜራ ከያዝኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በሠርግ ጀምሬ፣ ማስታወቂያና ድራማ ላይ ሠርቼ፣ አሁን ወጣቶችን ቀረጻ አስተምራለሁ። ውድድር ነድቼ አላውቅም። የሚሮጥ መኪና ግን ከፒክአፕ ጀርባ በገመድ ታስሬ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ብዙ ጊዜ ቀርጫለሁ። ስለዚህ የምመልስልህ እንደ ካሜራማን ነው።

መጀመሪያ ጓደኛህ ያቀረባቸው ክሶች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ልብ በል። ፍጥነቱ በኤዲት ተጨምሯል ይላል፤ መልሶ ደግሞ መኪኖቹ የቆሙ ይመስላሉ ይላል። ፍጥነት ሊጨምር የተቀመጠ ኤዲተር መኪናው ቆሞ እንዲታይ ለምን ይተወዋል? ይሁን እንጂ ሰውዬው ያየውን ነው የተናገረው። ዓይኑ አልዋሸውም፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ላይ ነው።

ቀጥታውን መንገድ እንውሰድ። ሙልሳን የሚባለው ያ መንገድ ያኔ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ አንዳች ማዘግያ የተዘረጋ ነበር። ዛሬ የምታዩዋቸው ሁለት ማዘግያ ኩርባዎች የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ፖርሽ 917 የሚባለው የውድድር መኪና እዚያ ላይ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህ በሰከንድ 97 ሜትር ነው። ፊልም ደግሞ በሰከንድ 24 ፎቶ ነው የሚያነሳው። ስታካፍለው መኪናው በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል 4 ሜትር ይጓዛል፤ የመኪናው ርዝመትም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በሌላ አነጋገር፣ መኪናው በእያንዳንዱ ፎቶ ራሱ የነበረበትን ቦታ ከሞላ ጎደል ለቆ ወደፊት ይገኛል።

ታዲያ ለምን የቆመ ይመስላል? በረጅም ሌንስ ከፊት ለፊት ስለተቀረጸ ነው። መኪናው ከ500 ሜትር ወደ 400 ሜትር ሲቀርብ በምስሉ ላይ የሚያድገው በሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ያንን 100 ሜትር ለመጨረስ ግን ሙሉ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ20 ሜትር ወደ 5 ሜትር ሲደርስ አራት እጥፍ ያብጣል፤ ይህ ሁሉ የሚያልቀው አራት ፎቶ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ጓደኛህ ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የታርማበር ዋሻ 587 ሜትር ነው። ከወዲህኛው አፍ ሆኖ ከወዲያ የገባ የጭነት መኪና መብራት ሲያይ፣ መብራቱ እንደ ኩራዝ አንድ ቦታ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ «ገና ነው፣ ገና ነው» ሲል ድንገት ጎኑን ታክኮት ያልፋል። ረጅም ሌንስ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ «ገና ነው» የሚለውን ክፍል ቆርጦ ያሳይሃል፣ የማለፉን ነገር ሌላ ካሜራ ይነግርሃል።

አሁን «በ60 ስወርድ ከዚህ ይበልጥ ይበራል» ወዳለው። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው! ዓይን ኪሎ ሜትር መቁጠር አይችልም፤ የሚያውቀው ነገሮች በአጠገቡ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሸሹ ብቻ ነው። ከታርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ የተቆረጠው ገደል ከሚኒባሱ መስኮት 2 ሜትር ላይ ነው እንበል። በ60 ስትነዳ በሰከንድ 17 ሜትር ትሄዳለህ። ሙልሳን ላይ ደግሞ ከመንገዱ 50 ሜትር የራቀ ዛፍ አለ እንበል፤ በሰከንድ 97 ሜትር ታልፈዋለህ። ሂሳቡን ብትሠራው ድንጋዩ በዓይንህ ላይ ከዛፉ ከአራት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይሸሻል። ጉም ከተጨመረበትማ የሚታየው የቅርቡ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይበራል። የጫጫን ሜዳ በ100 ስታቋርጥ እንቅልፍ የሚመጣብህ፣ ታርማበር ላይ በ40 መዳፍህ የሚያልበው ለዚህ ነው።

ፊልም ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ወደ መሬት አወረዱት። ሰፊ ሌንስ አስፋልቱን ሊልስ ሲደርስ፣ የመንገዱ ጠጠር መስመር ሆኖ ይዘረጋል፤ የመንገድ ዳሩ ብረትም እንደ ቢላ ስለት ይሆናል። እንደገና ስታዩት ካሜራው ዝቅ ያለባቸውን ትዕይንቶች ከፍ ካለባቸው ጋር አስተያዩ፤ ያው መኪና በያው ፍጥነት ሁለት ዓይነት ይሆንባችኋል።

ቸርኬው ወደ ኋላ መዞሩን በተመለከተ፣ የፖርሾቹ ቸርኬ አምስት ክንድ አለው። በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ቸርኬው ልክ አንድ አምስተኛ ዙር ከዞረ፣ የሚቀጥለው ክንድ የፊተኛው ቦታ ላይ ይመጣና የቆመ ይመስላል። ትንሽ ካነሰ ክንዱ ሳይደርስ ስለሚያዝ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ነው ብለን ብናሰላ፣ ቆሞ የሚታየው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል ወደ ኋላ ይዞራል። በ70 አካባቢም፣ በ105 አካባቢም ይደገማል። ከዚያ በላይ ምስሉ ስለሚደበዝዝ ክንዱን ለይቶ ማየትም አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ቸርኬው ወደ ኋላ ሲዞር ካያችሁ ስለ ማጭበርበር የሚነግራችሁ ነገር የለም። የሠርግ ቪዲዮ አውጥታችሁ እዩ፤ አበባ የለበሰው የሙሽራው መኪና ወደ ግቢ ሲገባ ቸርኬው ወደ ኋላ እየዞረ ነው የሚገባው። ማንም ሙሽራውን አታላይ አላለውም።

የተናረ ፍጥነት በእርግጥ አለ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በሰከንድ 12 ፎቶ ቀርጸህ በ24 ስታሳየው 60 የነበረው 120 ይመስላል። ግን አንድ ነገር አይደበቅም፤ መኪናው ብቻውን አይፈጥንም፣ ዓለሙ ሁሉ አብሮት ይፈጥናል። እኔ ራሴ ጉድ ሆኜበታለሁ። የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ልንቀርጽ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው መንገድ ላይ ነበርን። ሾፌሩ ከ40 በላይ አልነካም አለ፤ ልክም ነበር። ቤት ገብተን በኤዲት እጥፍ አደረግነው። መኪናዋ ሸጋ ሆነች፤ ከጀርባዋ ግን እንጨት የተጫነች አንዲት አህያ ነበረች፣ እግሮቿ የስፌት መኪና መርፌ ሆኑ። አጠገቧ ያሉት ባለ ጋቢ አባት ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሲመልሱ ንብ የወረራቸው መሰሉ። ደንበኛው አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። በማግስቱ ወርደን ካሜራውን ከፊት መከላከያው ሥር አሰርነው፣ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሰፊ ሌንስ። ያው ሾፌር፣ ያው 40። ደንበኛው ሲያይ የጠየቀው «ይሄን ያህል መሮጥ አደገኛ አይደለም?» ብሎ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ስትመረምሩ መኪናውን ተዉት። ባንዲራውን፣ ጭሱን፣ አጥሩ ዳር የቆመውን ሰው እጅ እዩ። የመኪናውን አካልም እዩ፤ መኪና በስፕሪንጉ ላይ ሲዋዥቅ የራሱ ምት አለው፣ ፍጥነቱ ሲናር ምቱ ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጣል። ሌ ማንስ ውስጥ መኪኖቹ ኩርባ ላይ ጋደል ሲሉና ፍሬን ሲያዝ አፍንጫቸውን ሲደፉ ክብደት እንዳላቸው ይታያል። እኔን የሚያሳምነኝ ያ ነው። ድምፁን ግን ማስረጃ አታድርጉት፤ የሞተር ድምፅ ለብቻው ተቀድቶ ሊለጠፍ ይችላል።

ዓይናችሁን ካላመናችሁ ደግሞ የተሠራበትን መንገድ ላውጋችሁ፤ እኔ በበኩሌ ከፊልሙ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። ማክዊን መንዳት የሚችል ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1970 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲብሪንግ ላይ በሚደረገው የ12 ሰዓት ውድድር፣ በሞተር ሳይክል ውድድር የተሰበረ ግራ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ከፒተር ሬቭሰን ጋር በፖርሽ 908 ሁለተኛ ወጣ። አንደኛው ማሪዮ አንድሬቲ ነበር፤ ከ12 ሰዓት በኋላ የነበረው ልዩነት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። (ዋናው ነጂ ሬቭሰን ነበር፣ አብዛኛውን የነዳውም እሱ ነው፤ ግን በጀሶ ፍሪሲዮን መርገጥ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም።) በሰኔው የሌ ማንስ ውድድር ከጃኪ ስቱዋርት ጋር ሊነዳ አስቦ ነበር፤ ኢንሹራንሶቹ እንቢ አሉት።

እሱ ባይገባም መኪናው ገባች። ያችኑ የሲብሪንጓን 908 ካሜራ ጭነውባት፣ 29 ቁጥር ለጥፈው፣ በእውነተኛው ውድድር ላይ ተወዳዳሪ አድርገው አስመዘገቧት። ኸርበርት ሊንገና ጆናታን ዊሊያምስ ነዷት። እስቲ ይህን አስቡት፤ ሙሉ የፊልም ጥቅል 300 ሜትር ገደማ ነው፣ የሚዘልቀውም 11 ደቂቃ ብቻ። ፈጣኑ መኪና ደግሞ 13.469 ኪሎ ሜትሩን ዙር በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ነው የሚጨርሰው። ሌላው ነዳጅና ጎማ ሲል የሚቆመውን፣ እነሱ ፊልም ለመቀየርም ይቆማሉ። እንዲያም ሆኖ ውድድሩን እስከ መጨረሻው ነዱ። ደረጃ አልተሰጣቸውም፤ በመቆም ብዛት የሚፈለገውን ርቀት ስላልሸፈኑ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከምታዩት ሩጫ የተወሰነው እንግዲህ ለካሜራ ተብሎ የተደረገ ሳይሆን ራሱ ውድድሩ ነው። ያን ዓመት ያሸነፉት ሃንስ ኸርማንና ሪቻርድ አትዉድ ነበሩ፤ ለፖርሽም የመጀመሪያው አጠቃላይ የሌ ማንስ ድል ነው።

የቀረው ከውድድሩ በኋላ ባሉት ወራት ተቀረጸ፤ ማክዊን ራሱ ነዳ፣ የሙያው ሰዎችም ነዱለት። ፌራሪ በድርሰቱ ውስጥ ፖርሽ ስለሚያሸንፍ መኪና አልሰጥም አለ። 512 የሚባሉትን ፌራሪዎች ያቀረበው ቤልጂየማዊው ዣክ ስዋተርስ ነው። እንግዲህ በኤዲት የሚያታልል ሰው ይህን ሁሉ አይደክምም። ዋጋም አስከፍሏል፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ ፓይፐር በቀረጻው ላይ በ917 ተጋጭቶ አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። በመጨረሻ ስሞች ሲያልፉ ፊልሙ የሚያመሰግነው እሱን ነው፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶታል። ዴሪክ ቤል የሚነዳው ፌራሪም እሳት ተነስቶበት ፊቱ ተለብልቧል፤ እሱ በኋላ ሌ ማንስን አምስት ጊዜ አሸነፈ።

ለጓደኛህ ፍትሕ ላድርግለት፤ የውሸት ነገርም አለ። ተጋጭተው የሚበታተኑት መኪኖች እውነተኛ ፖርሽና ፌራሪ አይደሉም። አሮጌ የሎላ ቲ 70 መኪኖችን የ917ና የ512 ልብስ አልብሰው፣ ሰው ሳይቀመጥባቸው በሬዲዮ እየነዱ ነው ያጋጯቸው። የማክዊን መኪና ከብረቱ ጋር ተላትሞ አደጋው በሐሳቡ እየተመላለሰ ሲደጋገም ደግሞ ምስሉ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ ነው። እንግዲህ ፊልሙ ውስጥ ፍጥነት በግልጽ የተነካካበት ቦታ አለ ከተባለ፣ የተነካካው ወደ ታች ነው።

ስለ ዝምታው። ዋናው ተዋናይ ወደ 37 ደቂቃ ገደማ አንድ ቃል አይናገርም፤ የሚለፈልፈው የድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። ፊልሙ ያለቀለት ድርሰት ሳይኖረው ነው ቀረጻ የጀመረው፤ ዳይሬክተሩ ጆን ስተርጅስ ታሪክ ይኑረው ሲል ማክዊን ሩጫውን ሲል፣ በመሐል ስተርጅስ ጥሎ ሄደ፣ ሊ ካትዚን ጨረሰው። ታሪኩ ቀጭን መሆኑ አይካድም። ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ገበያውም አልሞቀለትም። ታሪክ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. የ1966ቱን «ግራንድ ፕሪ»ን ይይ፤ ፍቅር አለው፣ ቅናት አለው፣ ሦስት ኦስካርም ወስዷል።

እኔ ግን ያን ዝምታ በምንም አልለውጠውም። ውድድሩ ሊጀመር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት። ነጂዎቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተዋል። ጫጫታው ሁሉ ይጠፋና የሚሰማው የልብ ምት ብቻ ይሆናል፤ ሰዓቱ ይቀርባል፣ ዓይን ብቻ ይታያል፣ ጓንት መሪውን ይጨብጣል። ከዚያ ሞተሮቹ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ከዚያ በፊት ሰዎች ሲያወሩ ቆይተው ቢሆን ያ ጩኸት ተራ ጩኸት ነበር። ተማሪዎቼን ይህን ክፍል ድምፁን አጥፍቼ አንድ ጊዜ፣ ከፍቼ አንድ ጊዜ አሳያቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ወንበራቸውን የሚይዙ አሉ።

ሳልረሳው፣ ሚኒባስ ነጂው ጓደኛህ «ያ ፖርሽ ደብረ ብርሃን ቢመጣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር» ሊልህ ይችላል። ልክ ነው። 4.5 ሊትሩ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ቱርቦ የለውም፤ 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ይቀንስበታል። የእሱም ሚኒባስ ሮቢት ስትወርድ የምትነቃው ለዚሁ ነው። ነገር ግን የሚገፋው አየርም በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ መነሻው ላይ ቢያዘግምም ቀጥታው ላይ ያን ያህል ወደ ኋላ አይቀርም። በዚህ ደግሞ ሌላ ውርርድ እንዳትጀምሩ።

ወደ ጥብሱ። ፍጥነቱ እውነት ስለሆነ ሚኒባስ ነጂው ይክፈል። ታርማበር በ60 ይበልጥ ይበራል ማለቱም እውነት ስለሆነ የሚጠጣውን አንተ ቻል። ፋይሉ ተበላሽቷል ያለው ልጅ ምንም አይክፈል፤ ብቻ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ስታዩት ሪሞቱን አትስጡት።